በበይነ መረብ በሚላኩ ሰነዶች ላይ የመጠን ገደብ የሚደረግበት ምክንያት

ተገልጋዮች በበይነ መረብ ሰነድ በሚጭኑበት ጊዜ የፋይሉ መጠን ከተፈቀደው በላይ መሆኑን የሚገልጽ መልእክት ሊደርሳቸው ይችላል። ይህ መልእክት ማመልከቻው ውድቅ ተደርጓል ማለት ሳይሆን ሰነዱ ገና አልደረሰም ማለት ነው።

ገደቡ ለምን አስፈለገ?

አንድ ሰነድ ወደ ሰርቨር የሚደርሰው በአንድ ጊዜ ሳይሆን በተከታታይ በሚፈሱ ባይቶች ነው። ተቀባዩ ፕሮግራም የሚያነበውን መጠን ካልወሰነ፣ አንድ ከልክ በላይ ትልቅ ፋይል የሰርቨሩን ማኅደረ ትውስታ ሞልቶ የሌሎችን ተገልጋዮች አገልግሎት ሊያቋርጥ ይችላል። ያለገደብ ማንበብ ለጥቃትም ያጋልጣል። እ.ኤ.አ. በ1988 የተሠራጨው «ሞሪስ ዎርም» የተባለው ፕሮግራም ወደ ኮምፒዩተሮች ከገባባቸው መንገዶች አንዱ፣ 512 ባይት ብቻ በሚይዝ ቦታ ላይ 536 ባይት መላክ ነበር፤ ተቀባዩ ፕሮግራም የሚያነበውን አይቆጥርም ነበርና።

በመሆኑም በጥንቃቄ የተዘጋጀ ፕሮግራም ላኪው ባስታወቀው መጠን ላይ ብቻ ሳይተማመን የደረሰውን ባይት እየቆጠረ ያነባል፤ ገደቡ ሲታለፍም ንባቡን ያቆማል። እስከዚያ የተነበበውን ክፍል ብቻ ቢያስቀምጥ ግን የጎደለ ሰነድ እንደ ሙሉ ሰነድ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ፋይሉን በሙሉ አለመቀበል ለተገልጋዩም የተሻለ ጥበቃ ነው።

ተገልጋዮች ምን ማድረግ ይችላሉ?

1. በ300 ዲፒአይ በቀለም ስካን የተደረገ አንድ የኤ4 ገጽ ሳይጨመቅ 26 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። በ150 ዲፒአይ ሲደረግ መጠኑ ወደ አንድ አራተኛ፣ ከቀለም ይልቅ በግራጫ ሲደረግ ደግሞ ወደ አንድ ሦስተኛ ይቀንሳል። ከመላክዎ በፊት ማኅተሙና ጽሑፉ በግልጽ የሚነበቡ መሆናቸውን ያረጋግጡ።

2. የጽሑፍ ገደብ በባይት ሲቆጠር፣ በዩቲኤፍ-8 አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት፣ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል ደግሞ 1 ባይት ይይዛል። ስለሆነም 3,000 ባይት የሚበቃው ለ1,000 ያህል የአማርኛ ፊደላት ነው።

3. የገጾችን ቁጥር በመቀነስ መጠኑን ለማሳነስ አይሞክሩ፤ የተሟላ ሰነድ ሲጠየቅ ሁሉም ገጽ ሊኖር ይገባል።

4. ማመልከቻው ቀነ ገደብ ያለው ከሆነ ሰነድዎን አስቀድመው ይጫኑ፤ መድረሱን የሚያረጋግጥ መልእክት ሳያዩም ገጹን አይዝጉ።