ስለ ካርታ መነሻና ስለ መሬት ቍጥር መስማማት

የመሬት ልክ ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው ሲተላለፍ ቍጥሩ ብቻ መጻፉ አይበቃም፤ ከምን መነሻ እንደ ተቈጠረም አብሮ ሊጻፍ ይገባል። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን የወሰን ጠብ ይወልዳል።

የኢትዮጵያ የቆዩ ካርታዎች የተቈጠሩት በሱዳንና በግብፅ ወሰን አጠገብ ካለው፥ አድንዳን ከተባለው መነሻ ነው። ዛሬ በሳተላይት የሚለካው መሣሪያ ግን ሌላ መነሻ አለው። ስለዚህ አንዱ ቍጥር በሁለቱ ካርታ ላይ ቢፈለግ፥ በምድር ላይ የሚያመለክተው ስፍራ ከ200 ሜትር በላይ ይራራቃል። ይህንም በቀድሞው ስፍር መገመት ይቀላል፤ አንድ ጋሻ 40 ሄክታር ያህል ሆኖ አራት ጎኑ እኩል ቢሆን፥ አንዱ ጎን 632 ሜትር ይሆናልና፥ ልዩነቱ የጎኑ ሲሦ ያህል ነው። እንዲህ ሲሆን የደን ክፍል የከለለው ስፍራ የገበሬ እርሻ ሆኖ ይገኛል፤ የመንገድ ክፍልም ካሣውን ለጎረቤት ይከፍላል። ቀያሾቹ ሁሉ በሙያቸው ሳይሳሳቱ ገበሬው ማሳውን ያጣል።

ደግሞም አገሪቱ በ36ኛው፥ በ37ኛውና በ38ኛው የካርታ ቀጠና ላይ ትውላለች፤ የምሥራቁም ቍጥር በያንዳንዱ እንደ አዲስ ይቈጠራል። ቀጠናው ያልተጻፈበት ቍጥር አገሩ እንዳልተጻፈበት ደብዳቤ ነው።

ስለዚህ አስተዳዳሪዎች የመሬት መዝገብ ሲቀበሉ አስቀድመው መነሻውን፥ ቀጠናውን፥ የተለካበትን ዓመትና የለካውን መሥሪያ ቤት ይጠይቁ። ካልተጻፈም መዝገቡ ወደ መጣበት ይመለስ እንጂ በግምት አይሞላ። የዱሮው ካርታ ግን አይጣል፤ በሒሳብ ወደ አዲሱ መነሻ ሊዛወር ይቻላልና። ለማረጋገጥም በሁለቱ ካርታ የሚታይ አንድ ስፍራ፥ ድልድይ ወይም ቤተ ክርስቲያን፥ በስፍራው ተገኝቶ መለካት ነው።