ጎበዝ ተማሪ ብቻውን ያጠናል?

በየዩኒቨርሲቲው ዶርም አንድ የቆየ እምነት አለ፤ ጎበዝ ተማሪ ብቻውን ያጠናል፣ በቡድን መሰብሰብ የሰነፍ መደበቂያ ነው ይባላል። ወላጅም መምህርም ይደግመዋል። ብዙ ትጉህ ተማሪ የጎዳ እምነት ነው።

በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ጥቁር ተማሪዎች ካልኩለስ ላይ በብዛት ይወድቁ ነበር። የሒሳብ ሰው የሆነው ዩሪ ትራይስማን ምክንያቱን መምህራኑን ሲጠይቅ አራት መልስ አገኘ፦ ፍላጎት የላቸውም፣ መሠረታቸው ደካማ ነው፣ ከቤተሰብ ድጋፍ አያገኙም፣ ድሆች ናቸው። ትራይስማን ግምቱን ዝም ብሎ አልተቀበለም። 20 ጥቁርና 20 የቻይና ተወላጅ ተማሪዎችን መርጦ፣ ከክፍል ውጭ እንዴት እንደሚያጠኑ ለ18 ወራት ተከታተለ።

አራቱም ምክንያቶች ውኃ አልቋጠሩም። ከጥቁሮቹ ብዙዎቹ በየትምህርት ቤታቸው አንቱ የተባሉ ነበሩ፤ ቤተሰቦቻቸውም ለትምህርታቸው ብዙ የደከሙ። በመግቢያ ፈተናው ጥሩ ነጥብ ያመጡት እንኳ ከመውደቅ አልዳኑም። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነበር፤ ከ20ዎቹ ጥቁር ተማሪዎች 18ቱ ብቻቸውን ነበር የሚያጠኑት። በሳምንት ስምንት ሰዓት ያህል አጥኑ ተባሉ፣ አጠኑ።

የቻይና ተወላጆቹም በመጀመሪያ ለየብቻ ይሠራሉ። ማታ ግን ይሰበሰባሉ፤ አንዳንዴ አብረው አብስለው ይበላሉ፣ ከዚያ የቤት ሥራቸውን ያስተያያሉ። አንዱ ያገኘው መልስ ከሁሉም ከተለየ፣ የተሳሳተው እሱ መሆኑን ወዲያው ያውቃል፤ እዚያው ይታረማል። የሁሉም መልስ ከተለያየ ወይም ማንም ካልሠራው ግን ጥያቄው ራሱ ከባድ ነው ማለት ነው። ብቻውን የተቀመጠው ተማሪ ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ሲያቅተው “ችግሩ እኔው ነኝ” ይላል፣ መምህሩን መጠየቅም ያፍራል።

እንዲህ አብሮ ለማጥናት መተማመን ያስፈልጋል፤ እዚህ ላይ መተማመን ማለት ግን መዋደድ ብቻ አይደለም። የተሳሳተ ወረቀትን ሳይሸፍኑ ጠረጴዛው ላይ መዘርጋት፣ ጓደኛም አይስቅብኝም ብሎ እርግጠኛ መሆን ነው።

“ከሰነፍ ጋር ቢወያዩ ምን ይገኛል?” የሚሉም አሉ። በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በጄኔቲክስ ኮርስ ተማሪዎች ላይ ያደረጉትና በ2009 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣው ጥናት ለዚህ መልስ አለው። ተማሪዎቹ ለጥያቄው በግል መልስ ሰጡ፣ ከጎናቸው ካለው ጋር ተወያዩ፣ ከዚያ ያንኑ ሐሳብ የሚፈትን አዲስ ጥያቄ በግል ሠሩ። ውጤታቸው ተሻሻለ፤ በመጀመሪያ መልሱን የሚያውቅ አንድም ሰው ባልነበረባቸው ቡድኖች ሳይቀር።

ይህ ሲባል ግን፣ ተሰብስቦ ማውራት ብቻውን በየሰዉ ጭንቅላት ያለውን ሁሉ ያወጣል ማለት አይደለም። ጋሮልድ ስታሰርና ዊልያም ታይተስ በ1985 ያሳተሙት ሙከራ ይህንን አሳይቷል። አራት አራት ሆነው የተቀመጡ ተማሪዎች ከሦስት ምናባዊ ዕጩዎች አንዱን ለተማሪዎች ኅብረት ፕሬዚዳንትነት እንዲመርጡ ተጠየቁ። ሁሉም ሙሉውን መረጃ ሲይዙ ከቡድኖቹ 83 ከመቶው የተሻለውን ዕጩ መረጡ። መረጃው ተከፋፍሎ ለየሰዉ ሲሰጥ ግን 18 ከመቶ ብቻ። ሁሉም የሚያውቀው ነገር እየተደጋገመ ሲነሳ፣ አንድ ሰው ብቻ የያዘው እዚያው ከእሱ ጋር ቀረ።

ሌላው ስሕተት፣ የሚታመን ሰው የላከው ሁሉ ይታመናል ማለት ነው። በፈተና ሰሞን በቴሌግራም የሚዞረውን የድሮ ፈተና ማየት ይበቃል። ምርጫዎቹ በእስክሪብቶ ተከብበዋል፣ ማን እንደሠራቸው አይታወቅም፤ ሲኒየሩ ለጁኒየሩ፣ ጁኒየሩ ለዶርም ጓደኛው ያስተላልፋል። እያንዳንዱ ከእሱ በፊት ያለው ሰው ያረጋገጠው ይመስለዋል። ሰውየውን ማመንና መልሱን ማመን ለየቅል ናቸው፤ “ይቺን እንዴት አገኘሃት?” ብሎ መጠየቅም ጓደኛን መጠራጠር አይደለም።

በመጨረሻ፣ መተማመን በስም ዝርዝር አይመጣም። በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች የተሞከረው አንድ ለአምስት አደረጃጀት ተማሪዎችን በቀላሉ መመደብ ይችላል፤ አለማወቅን ለቡድን አባል ማሳየት ግን በምደባ የሚገኝ አይደለም። ትራይስማን በ1978 የጀመረው ዎርክሾፕ ሌላ መንገድ ያዘ። ተማሪዎቹን “ደካሞች ናችሁና እንርዳችሁ” ብሎ አልጠራቸውም፤ ለጎበዞች የተዘጋጀ ፕሮግራም ነው ተባሉ፣ አንድ ሰው ብቻውን በቀላሉ የማይወጣው ከባድ ጥያቄም ተሰጣቸው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ፊት ለፊት ሲቀመጥ መጠየቅ አያሳፍርም፤ ሁሉም አቅቶታልና። በዎርክሾፑ የተሳተፉት ጥቁር ተማሪዎች ካልተሳተፉት እጅግ የተሻለ ውጤት አመጡ። አሠራሩም ወደ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ተሻገረ፤ በ1988 በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ኦስቲን ተጀመረ።