ኮብስ ክሪክ፦ በሩ ለሁሉ የተከፈተ የጎልፍ ሜዳ

በምዕራብ ፊላደልፊያ ጫፍ፣ ኮብስ ክሪክ የተባለውን ጅረት ተከትሎ፣ ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1916 የከፈተችው የጎልፍ ሜዳ አለ። የንድፉ መሪ ሂው ዊልሰን ነበር፤ ከከተማዋ ወጣ ብሎ የሚገኘውን ስመ ጥሩውን የሜሪየን ሜዳ የነደፈው ሰው። ሜሪየን የአባላት ክበብ ነው፤ ኮብስ ክሪክ ግን ዘርና ፆታ ሳይለይ ለከፈለ ሁሉ ክፍት ነበር። ነገሩ ቀላል እንዳይመስለን፤ የአሜሪካ የሙያ ጎልፍ ማኅበር እስከ 1961 ድረስ አባልነትን ለነጮች ብቻ የሚፈቅድ ደንብ ነበረው። ደንቡ ሲሻር ከጥቁሮች ቀድሞ የማኅበሩን ውድድሮች በአባልነት የተቀላቀለው ቻርሊ ሲፎርድ፣ ከሰሜን ካሮላይና በወጣትነቱ መጥቶ ጨዋታውን ያዳበረው እዚሁ ሜዳ ላይ ነው። በትውልድ ከተማው በሻርሎት የሌሎችን የጎልፍ ዱላ ይሸከም የነበረ ልጅ እዚህ የራሱን ዱላ ይዞ ገባ። እንግዲህ ከኮብስ ክሪክ ቅርስ ትልቁ፣ ከዊልሰን ድንቅ ንድፍ እንኳ በላይ፣ ይህ ክፍት በር ነው ባይ ነኝ፤ ሜዳውን መልሶ ለማቋቋም የተጀመረው እድሳትም መመዘን ያለበት በዚሁ ነው።

ሜዳውን ያደከመው አንድ ነገር ብቻ አይደለም። በ1950ዎቹ ጦር ሠራዊቱ ለአየር መከላከያ ከመሬቱ ቆርሶ ወሰደ፤ የዊልሰን አቀማመጥም ተዛባ። ከአስፋልትና ከጣሪያ የሚወርደው የከተማ ጎርፍ ደግሞ የጅረቱን ዳር እየቦረቦረ ሣሩን ደጋግሞ አጥለቀለቀው። በ2016 የክበቡ ቤት በእሳት ወደመ፤ በ2020 ሜዳው ተዘጋ። ቦታውን በረጅም ጊዜ ኪራይ የተረከበው ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት የእድሳቱን ንድፍ ለጎልፍ ሜዳ ነዳፊው ለጊል ሃንስ ሰጠ፤ ሥራው ግን የተጀመረው ከጅረቱ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ትክክል ነው። ውሃው ሲሞላ የሚተኛበት ሰፊ ዳርና ረግረግ ካላገኘ፣ የተተከለው ሣር ሁሉ የሚቀጥለው ጎርፍ ሲሳይ ይሆናል። በ2025 ደግሞ የጎልፍ ተጫዋቹ የታይገር ውድስ ፋውንዴሽን ለሰፈሩ ወጣቶች የትምህርት ማዕከል ከፍቶበታል፤ ጎልፍ የማይጫወት ልጅም ወደ ግቢው የሚገባበት ምክንያት አገኘ።

እድሳቱ የገጠመው ተቃውሞ ግን ከባድ ነው። ለሥራው ሰፊ ደን ተመንጥሯል፤ ጎረቤቶችም በከተማ ሙቀት መሃል ጥላ ማጣታቸውን በምሬት ተናግረዋል። እውነታቸውን ነው፤ አዲስ የተተከለ ችግኝ ለዓመታት የትልቅ ዛፍን ጥላ አይተካም። ሆኖም ጅረቱን እንደነበረ መተውም ዛፍ አያድንም ነበር፤ ዳሩ በተናደ ቁጥር ሥሩ የተራቆተው ዛፍ አብሮ ይወድቃል። የሕዝብ መሬት ለምን ለጎልፍ ይሰጣል የሚለው ጥያቄም መልስ ይሻል። የእኔ መልስ ዋጋ ላይ ነው። የሰፈሩ ጡረተኛና ተማሪ ከሩቅ ከሚመጣው እንግዳ በእጅጉ ባነሰ ክፍያ መጫወት ከቻሉ፣ መሬቱ የሕዝብ ሆኖ ይቆያል። ይህ ቅናሽ ደግሞ አስተዳዳሪ በተለወጠ ቁጥር የሚለወጥ መሆን የለበትም፤ ኪራዩ እስካለ ድረስ በውል የታሰረ ግዴታ ሊሆን ይገባል።