ቸርኬ በቤታችን በረንዳ

ኢኮኖሚክስ ተመርቄ ቅዳሜ ጠዋት በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ቸርኬ ስፈትግ ያየችኝ ጎረቤታችን «ሥራ አገኘህ?» አለችኝ። አላገኘሁም። የወንድሜን መኪና ቸርኬ እያደስኩ ነበር።

ወንድሜ የሜትር ታክሲ የሚሠራባት አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ አለችው። ቸርኬዎቿ የአሉሚኒየም፣ ስፖርት ቸርኬ የምንላቸው ናቸው። ተሳፋሪ ሊጭን ጥግ በያዘ ቁጥር የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ይልጣቸዋል፤ ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ ደግሞ ጠርዝ የሌለበት ጥግ ጠፍቷል። የድሮው ቀለም ተሰነጣጥቆ ከሥሩ አሉሚኒየሙ ነጭ ዱቄት ማውጣት ጀምሯል። «ተሳፋሪ ቸርኬ አያይም» ብለው፣ «ገዢ ግን ያያል» አለኝ። ለካ ከፋሲካ በኋላ ሊሸጣት አስቧል።

አዲስ መግዛት አይታሰብም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ ምን እንደሆነ ለመኪና ባለቤት አልነግርም። ቀለም ቤት ስንጠይቅ ለአንዱ ቸርኬ 2,500፣ ለአራቱ 10,000 ብር ተባልን። እኔ ቁጭ ብዬ አሰላሁ፦ ሰባት ጣሳ ስፕሬይ ቀለም፣ ስምንት ብርጭቆ ወረቀት፣ አንድ ሊትር ቲነርና የወረቀት ፕላስተር በ3,800 ብር ያልቃል። የእኔ ጉልበት ነፃ ነው (ሥራ ፈት መሆን እንዲህ ያለ ጥቅም አለው)። መኪናዋ ሥራ እንዳትፈታ ደግሞ ስኮርታዋን እየገጠምን አንድ አንዱን ቸርኬ በየተራ ለማውረድ ተስማማን። ስኮርታዋ ቀጭን ሳትሆን ከሌሎቹ ጋር እኩል ስለሆነች ነው ያደረግነው።

የመጀመሪያውን በነሐሴ ጀመርኩት። ስህተት! ዝናብ ባቆመበት ሰዓት የነፋሁት ክሊር ጠዋት ሳየው ወተት መስሏል። እርጥብ አየር እንዲህ ያደርገዋል። ቲነር በነከረ ጨርቅ ጠርጌ፣ ፈትጌ፣ እንደገና ከዜሮ።

አሠራሩን ላስረዳ። ዋናው ነገር ቀለሙ ሳይሆን ፍተጋው ነው። መጀመሪያ በኦሞና በሙቅ ውኃ ከፍሬን ሸራ የሚወጣውን ጥቁር ዱቄት ማስለቀቅ፣ ቀጥሎ ቅባቱን በቲነር መጥረግ። አሲድ የሚያፈሱ አሉ፤ አሉሚኒየም ይበላል፣ ተዉት። የተላጠውን ጠርዝ በቁጥር 120 ብርጭቆ ወረቀት፣ ከዚያ በ240፣ በመጨረሻ በ400 ውኃ እየነከሩ መፈተግ ነው። ውኃው ለማለስለስ ብቻ አይደለም፣ አቧራው አፍንጫችሁ እንዳይገባ ነው። ጣት የሚሰማው ጭረት ከቀለም በኋላ ዓይንም ያየዋል። ክሮም የተለበጠ ቸርኬ ከሆነ ግን ጨርሶ አትንኩት፤ አቧራውም ለጤና አደገኛ ነው።

ጎማውን ሳያወልቁ ቀለም እንዳይነካው የሚደረግ ዘዴ አለ፦ የመጫወቻ ካርታ። ነፋሱን ትንሽ ቀንሶ በጎማውና በቸርኬው መሃል ካርታዎቹን እያደራረቡ ዙሪያውን መሰካት ነው። የአባዬን ካርታ ወሰድኩ፤ እስካሁን አልነገርኩትም።

ፕራይመሩ ለአሉሚኒየም የተሠራ መሆን አለበት። ለብረት በር የምንቀባው ቀዩ አንቲረስት ርካሽ ነው፣ ግን አሉሚኒየም ላይ ሳይቆይ ይላጣል። ከዚያ ቀለሙን ሦስት ስስ እጅ፣ በየመሃሉ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ እየጠበቁ፤ ክሊሩንም ሁለት እጅ። ባንዴ የተነፋ ወፍራም ቀለም እንደ ሻማ ይወርዳል።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። የመጀመሪያው ቸርኬ ሲያምርብኝ ጊዜ ፊቱን፣ ጀርባውን፣ የዳዶ ቀዳዳዎቹንም ሳይቀር ቀባሁት። ገጠምነው። በሁለተኛው ቀን ወንድሜ ደውሎ «ከፊት በግራ በኩል ጓ ጓ የሚል ድምፅ አለ» አለኝ። ሰው ጭኖ ነበር።

ሰፈራችን ያሉት ጎሚስታ ቁልፉን አስገብተው በአንድ እጃቸው ዞረላቸው። አራቱም ዳዶ ላልቷል። አውርደው ቀዳዳውን አሳዩኝ፤ ቀለሙ እንደ ሊጥ ተጨፍልቋል።

«ማነው ዳዶ የሚቀመጥበትን የቀባው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

«ልጄ፣ ዳዶ ብረት ነው የሚነክሰው፣ ቀለም አይደለም።»

ቀለሙ ሥር ሲጨፈለቅ ያጠበቅነው ይላላል ማለታቸው ነው። ቸርኬው ከመኪናው ጋር የሚጋጠምበት የጀርባው ፊትም እንደዚያው ነው። ሁለቱንም ቦታ ፍቀው ባዶ አሉሚኒየም አደረጉትና በመስቀለኛ ቅደም ተከተል አጠበቁት። ለኮሮላ የሚመከረው 103 ኒውተን ሜትር ነው፤ 30 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ቁልፍ ጫፍ ላይ 35 ኪሎ ገደማ እንደማሳረፍ ቁጠሩት። ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ ደግሞ እንደገና ማጥበቅ። ለዚህ ሁሉ ሃምሳ ብር ብቻ ጠየቁን። ከዚያ ወዲያ ቀዳዳዎቹን በፕላስተር ሳልሸፍን ጣሳ አላነሳም።

ሦስተኛውን ቸርኬ ሳጥብ ከውስጥ በኩል፣ ጠርዙ ላይ፣ ፀጉር የምታክል መስመር አየሁ። ቆሻሻ መሰለችኝ፤ ብፈትጋትም አልሄደችም። ስንጥቅ ናት። ወንድሜ ዝም ብሎ ሲያያት ቆየና «ቀለም ከነካት ማን ያያታል?» አለ። ቀለም ቤት ወስደነው ቢሆን ሳናያት ተቀብታ ትመለስ ነበር ብዬ አሰብኩ። አርጎን የሚበይዱ አሉ፣ ዋጋውም ቀላል ነው። ነገር ግን አሉሚኒየም በብየዳ ሙቀት ጥንካሬውን ይቀንሳል፣ ስንጥቁ ያለው ደግሞ ጉድጓድ በሚመታው ጠርዝ ላይ ነው። ያን ቀን ማታ ተጨቃጨቅን። እስከ ፋሲካ የሚነዳት እሱ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚነዳት ሰውዬ ስንጥቁን የሚያውቅበት መንገድ የለም።

በማግስቱ ሶማሌ ተራ ስንዞር ውለን አምሳያውን አንድ ፍሬ ያገለገለ ቸርኬ በ6,500 ብር አገኘን። ከቀለም ቤቱ ዋጋ ያተረፍኩት 6,200 ነበር። 300 ብር ከሰርን በሉኛ! ወንድሜ ሂሳቡን ሰምቶ ሳቀ፤ ከገዛው ቸርኬ ጀርባ ግን በባትሪ እያበራ፣ በጥፍሩ እየቆረቆረ ዙሪያውን ፈተሸ። የተሰነጠቀውን በመጋዝ ሁለት ቦታ ቆርጠን ነው ለቆራሌው የሰጠነው።

አራተኛው ገና በረንዳ ላይ ነው። ካርታ አጥሮኛል።