የፀሐይ መከላከያ ቅባትና የታይሮይድ ዕጢ

 እዚህ ጋምቤላ ከተማ መሃል በየካቲትና በመጋቢት ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ ሲጠጋ የፀሐይ መከላከያ ቅባት ፈላጊው ይበዛል። አንድ ቀን አንዲት እናት አልቢኒዝም ያለበት ልጇን ይዛ ወደ መድኃኒት ቤት መጣች። «ቅባቱ እንቅርት ያመጣል ሲሉ ሰምቼ ካቆምኩለት ሁለት ሳምንት ሆነኝ» አለችኝ። የልጁ ጆሮና አንገት በፀሐይ ተቃጥሎ ተላልጧል። እናትየው የሰማችው ወሬ ከባዶ የተነሳ አይደለም፤ ቅባቱን ማቆሟ ግን ትልቅ ስህተት ነበር።

ታይሮይድ በአንገታችን ፊት ለፊት የሚገኝ ዕጢ ነው። ከምግብ የምናገኘውን አዮዲን ተጠቅሞ ሆርሞን ይሠራል። ሆርሞኑ የሰውነትን ሙቀት፣ የልብ ምትንና የሕፃናትን የአእምሮ ዕድገት ይቆጣጠራል። ሲያንስ አንጎል ቲ.ኤስ.ኤች. የተባለ ሌላ ሆርሞን በብዛት እየላከ ዕጢውን ያስገድደዋል፤ ዕጢውም ያብጣል። እንቅርት የምንለው ይኸው ነው።

ቅባቱ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው? ፎር ኤም ቢ ሲ የተባለው የፀሐይ መከላከያ ኬሚካል በአይጦች ላይ ሲሞከር ቲ.ኤስ.ኤች.ን ከፍ አድርጓል። ቤንዞፌኖን-2 ደግሞ ዕጢው አዮዲንን ወደ ሆርሞን የሚለውጥበትን ኢንዛይም በላቦራቶሪ አግዷል። ይህኛው የሚገባው ለቆዳችን ተብሎ ሳይሆን ሽቶና መሰል ምርቶች በብርሃን እንዳይበላሹ ነው። ልብ በሉ፤ በዚያው ሙከራ በቂ አዮዲን ሲጨመር እገዳው ጠፍቷል።

ወደ ሰው ስንመጣ ነገሩ ይለያል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት ጥናት 48 ሰዎች ተቀብተው ኦክሲቤንዞንን ጨምሮ ስድስት ኬሚካሎች በደማቸው ውስጥ ተገኝተዋል። ባለሥልጣኑ ግን ደም ውስጥ መግባቱ ብቻውን ጉዳት አለው ማለት አይደለም፣ ቅባቱን አታቁሙ ብሏል። ቀደም ሲል በዴንማርክ 32 ሰዎች ሦስት ዓይነት ኬሚካል ያለበትን ቅባት ለአንድ ሳምንት መላ ሰውነታቸውን ተቀብተው በታይሮይድ ሆርሞናቸው ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም። አንድ ሳምንት ግን ዓመታትን አይተካም። የአውሮፓ ኅብረት ጥንቃቄን መርጦ ፎር ኤም ቢ ሲ ያለበት አዲስ ምርት ከግንቦት 2025 ጀምሮ ለገበያ እንዳይቀርብ ከልክሏል።

እንግዲህ እኔ ደንበኞቼን የምመክረው ይህን ነው። ኦክሲቤንዞን (ቤንዞፌኖን-3 ተብሎም ይጻፋል) ወይም ፎር ኤም ቢ ሲ በእሽጉ ላይ ካያችሁ፣ በተለይ ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን፣ ሌላ ጠይቁ። ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት ቅባት ከቆዳ ላይ ስለሚቀር ወደ ደም የሚያልፈው እጅግ ጥቂት ነው። ጠይም ቆዳ ላይ አመድ መምሰሉን ብዙዎች አይወዱትም፤ እውነታቸውን ነው። ሌላ ከጠፋ ግን አልቢኒዝም ላለበት ልጅ የተገኘውን ቀቡት። ለእርሱ የቆዳ ካንሰር የተረጋገጠ አደጋ ነው፤ የታይሮይዱ ገና ጥርጣሬ ነው። ለሌሎቻችን ጥላ፣ ሰፊ ቆብ፣ ረጅም እጅጌና ሒጃብ ከቅባቱ በፊት ይመጣሉ፤ ዋጋቸውም ይቀላል። ውኃ የማያስነካ ቅባት ለውዱእ እንዴት ይሆናል ለሚሉኝ እኅቶች፣ ይህን የመስጊዳችሁን ኡስታዝ ጠይቁ እላለሁ።

በአገራችን ከቅባት ይልቅ ታይሮይድን ሲጎዳ የኖረው የአዮዲን እጥረት ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ደንብ የምግብ ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት አስገድዷል። ነገር ግን ክፍት ዕቃ ውስጥ፣ ፀሐይና እርጥበት ላይ የተቀመጠ ጨው አዮዲኑን ያጣል። በክዳን ዕቃ አስቀምጡት፣ ወጡም ሊወርድ ሲል ጨምሩት። መጠኑን ግን አታብዙ፤ የደም ግፊት አለና።

አንገቱ ያበጠ፣ ያለ ምክንያት የሚደክመውና የሚወፍር፣ ወይም በዚህ በጋምቤላ ሙቀት ብርድ ብርድ የሚለው ሰው ካለ ሐኪም ዘንድ ሄዶ የቲ.ኤስ.ኤች. የደም ምርመራ ይጠይቅ። ያቺ እናት ዚንክ ያለበትን ቅባት ይዛ ሄዳለች፤ ለልጇም ሰፊ ቆብ ከገበያ ገዝታለታለች፣ አልሐምዱሊላህ።