ቅኔ ቤት፦ የትናንቱ የማይደገምበት ትምህርት ቤት

የመድኃኔዓለም በዓል በሚውልባቸው በጥቅምት 27 እና በመጋቢት 27 አጥቢያ፣ ቦሌ መድኃኔዓለም ካቴድራል ማኅሌት ሲቆምበት ያድራል። ከበሮውና ጸናጽሉ ጋብ ሲል አንድ ሊቅ መቋሚያቸውን ተደግፈው በግእዝ ጥቂት ስንኝ ያሰማሉ። ምሥጢሩ የገባቸው «ይበል!» ይላሉ። ያ ቅኔ ለዚያች ሌሊት የተቆጠረ ነው፤ ለሌላ በዓል ሌላ ቅኔ ያስፈልጋል።

እንዲህ ያሉትን ሊቃውንት የሚያወጣው ትምህርት ቤት በእግር የሚዳረስ ነው። ተማሪው መዝሙረ ዳዊትን ደግሞ ከወላጆቹ ቤት ከወጣ በኋላ ሙያው ወዳለበት መምህር ይጓዛል። ለድጓ ጋይንት ቤተልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አምባ፣ ለቅዳሴ ሰለልኩላ፣ ለአቋቋም ጎንደር በአታ አሉ። ቅኔ የፈለገ ወደ ዋሸራ፣ ወደ ጎንጅ ወይም ወደ ዋድላ ያቀናል፤ ሦስቱም የየራሳቸው የቅኔ መንገድ አላቸው። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ የለመነውን ቁራሽ ይበላል። ጎጆውንም ራሱ ይቀልሳል። በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያሳተሙት ሐዲስ ዓለማየሁ በጎጃም የቤተ ክህነት ትምህርት ያደጉ ናቸው፤ የልቦለዱ በዛብህም የዚሁ ዓለም ልጅ ነው።

የአብነት ትምህርት ሲነሣ «ሽምደዳ ነው» የሚለው ፍርድ ይቀድማል። ንባብ ቤትና ዜማ ቤት በቃል መያዝን አጥብቀው እንደሚጠይቁ አይካድም። ቅኔ ቤት ግን ተማሪውን የሚለካው በያዘው ብቻ ሳይሆን ባፈለቀው ነው። የኔታ ግሱንና አገባቡን ያስተምራሉ፣ ራሳቸው እየተቀኙ ያሳያሉ፣ ሰሙን ከወርቁ እየለዩ ይፈታሉ። ከዚያ ተማሪው ለብቻው ይወጣል፤ ከዛፍ ሥር ወይም ከወንዝ ዳር ተቀምጦ የራሱን ቅኔ ይቆጥራል። ተመልሶ ለመምህሩ ወይም ለረዳቱ ለአስነጋሪው ይነግራል። ቤቱ፣ ማለትም ስንኙ፣ ከጎደለ ወይም ምሥጢሩ ካልሰመረ ይታረማል፤ በማግስቱ ደግሞ አዲስ ይዞ ይቀርባል። ጀማሪው የሚነሣው ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ነው። ሦስት ቤት ያላቸውን ዘአምላኪየንና ሚበዝኁን፣ አምስት ቤት ያለውን ዋዜማ፣ ስድስት ቤት ያለውን ሥላሴ እያለ ስምንት ቤት ካለው መወድስ ይደርሳል። ከመምህር ፊት በየቀኑ የራስን ሐሳብ ይዞ መቅረብ ከባድ ፈተና ነው፤ ከዘመናዊ ትምህርት ቤቶቻችን ስንቱ ይህን ያህል እንደሚደፍር እጠይቃለሁ።

ወርቁ፣ ማለትም ምሥጢሩ፣ ከመጻሕፍትና ከታሪክ ይገኛል። ሰሙን፣ ማለትም ምሳሌውን፣ ግን ተማሪው ከአካባቢው መልቀም አለበት፦ ከንቡ፣ ከበረዶው፣ ከአራሹ፣ ከጭልፊቱ። የክርስቶስን ሞትና ትንሣኤ ሊቀኝ የፈለገ ገበሬው አፈር ውስጥ የቀበረውን፣ በስብሶ የበቀለውን ዘር ሰም ሊያደርገው ይችላል። ታዲያ ዘር እንዴት እንደሚበቅል ያላስተዋለ ልጅ ይህን ቅኔ ከየት ያመጣዋል? የጎጃምና የጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያቸውን ጽዱን፣ ወይራውንና ዝግባውን ጠብቀው ማቆየታቸው ለእኔ የትምህርቱም አካል ነው፤ ተማሪው ሐሳቡን የሚሰበስበው በዚያ ጥላ ሥር ነውና።

ቅኔ ያስመሰከረውን ተማሪ የኔታ መርቀው ያሰናብቱታል። አንዱ ወደ መጻሕፍት ቤት ገብቶ ብሉይና ሐዲስን ከነአንድምታቸው ይቀጽላል፤ ሌላው ወደ ደብር ያመራል፤ ሌላው ወንበር ዘርግቶ ያስተምራል። በደረሰበት ሁሉ ከማን እንደተማረ ይጠየቃል፤ ቅኔውም ይመሰክርለታል ወይም ይመሰክርበታል።

ወንበር ከዘረጉት መካከል የጎጃሟን እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን ሳላነሣ አላልፍም። በልጅነታቸው ዓይናቸው ጠፋ። አባታቸው የቅኔ መምህር ነበሩና ቅኔውን ከእርሳቸው ተማሩ። ተማሪውም መምህሩም ወንድ በነበረበት ጉባኤ እርሳቸው መምህር ሆኑ። ግሱንም አገባቡንም በቃላቸው ይዘው፣ የተማሪውን ቅኔ በጆሮ ብቻ እየሰሙ የጎደለውን ቤት ይነግሩት፣ ያልሰመረውን ምሥጢር ያቀኑለት ነበር።