የሰዓት ባትሪ የዋጠ ልጅ "በራሱ ይወጣለታል" ተብሎ አይጠበቅም

እስኪ ቤታችሁን ዞር ዞር ብላችሁ እዩ። የመኪና ቁልፍ፣ ዲጂታል ሚዛን፣ የእጅ ሰዓት፣ የትኩሳት መለኪያ፣ ብልጭ ድርግም የሚል መጫወቻ፣ ሲከፈት የሚዘፍን የልደት ካርድ። ብዙዎቹ ውስጥ ሳንቲም የምታክል፣ ጠፍጣፋና የምታብረቀርቅ ባትሪ አለች። ለእኛ የሰዓት ባትሪ ናት። ለአንድ ዓመት ተኩል ሕፃን ግን ወደ አፍ የሚገባ ነገር ናት።

ብዙ ሰው "ውስጧ ያለው መርዝ ነው የሚጎዳው" ብሎ ያስባል። ዋናው ጣጣ ግን ኤሌክትሪኩ ነው። ባትሪዋ ምግብ በሚወርድበት ቧንቧ ላይ ስትቀረቀር ሁለቱም ገጿ እርጥብ ሥጋ ይነካል። እርጥበቱ እንደ ሽቦ ሆኖ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ያኔ በኔጌቲቩ በኩል ልክ እንደ ኮስቲክ ሶዳ የሚያቃጥል ነገር ይፈጠራል። ባትሪዋ መፈንዳት ወይም መፍሰስ አያስፈልጋትም። በ2 ሰዓት ውስጥ ብቻ ከባድ ቃጠሎ ልታደርስ ትችላለች።

በጣም የምታሰጋው ሲአር2032 የምትባለዋ ናት። ቁጥሩ ራሱ ልኳን ይናገራል፦ ስፋቷ 20 ሚሊሜትር፣ ውፍረቷ 3.2 ሚሊሜትር። የሕፃን ጉሮሮ ላይ ለመቀርቀር የሚበቃ ስፋት ነው። ኃይሏም 3 ቮልት ነው። ትንንሾቹ ብዙ ጊዜ ወደ ሆድ ያልፋሉ፤ አፍንጫ ወይም ጆሮ ውስጥ ከገቡ ግን እነሱም ያቃጥላሉ።

"አልቋል" ብለን ጠረጴዛ ላይ የምንጥለውስ? እሱም ያው ነው። ሚዛኑን ማሠራት ያቃተው ባትሪ ሥጋ ለማቃጠል የሚበቃ ኃይል ሊቀረው ይችላል።

እአአ በ2020 አሜሪካ፣ ቴክሳስ ውስጥ አንዲት የ18 ወር ሕፃን ከሪሞት የወጣ ባትሪ ውጣ ሕይወቷ አለፈ። በስሟ የተጠራው "የሪስ ሕግ" በ2022 ጸደቀ፤ የባትሪ ክዳን ሕፃን በቀላሉ የማይከፍተው እንዲሆን ያስገድዳል። በዚያው ዓመት አውስትራሊያም ተመሳሳይ ግዴታ ሥራ ላይ አዋለች። አንዳንድ አምራቾች ደግሞ ባትሪውን በጣም የሚመር ነገር ይቀቡታል፤ ሕፃኑ ቀምሶ እንዲተፋው። እኛ መንገድ ዳር የምንገዛው መጫወቻ ግን ክዳኑ በጥፍር የሚከፈት ብዙ ነው። ስለዚህ ሥራው እኛ ላይ ነው።

ቤት ውስጥ ምን እናድርግ?
1. ስትገዙ ክዳኑ በካቻቪቴ የሚከፈተውን ምረጡ። ብሎን ከሌለው በወፍራም ፕላስተር ጠቅልሉት።
2. የተቀየረውን ባትሪ ወዲያው ሁለቱንም ገጹን በፕላስተር ሸፍናችሁ ልጅ ከማይደርስበት አርቁት። መጠባበቂያውንም እንደ መድኃኒት ቆልፉበት።
3. ሕፃን እያየ ባትሪ አትቀይሩ። ያየውን ይሞክራል።

ከዋጠስ?
ምራቅ መዝረብረብ፣ ሳል፣ ምግብ እምቢ ማለት፣ ማስታወክ ምልክቶች ናቸው። ጉንፋን ሊመስል ይችላል፤ ጭራሽ ምልክት ላይኖርም ይችላል። መዋጡን ከጠረጠራችሁ ግን ምልክት አትጠብቁ።

አታስመልሱት፤ ምግብም ውሃም አትስጡት። ራጅ ወዳለበት ሆስፒታል ብረሩ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። እንደደረሳችሁ "ባትሪ ሊሆን ይችላል" በሉ፤ ራጅ ላይ ሳንቲም ሊመስል ስለሚችል ይህች ቃል ጊዜ ታድናለች። አንድ ነገር ብቻ ይፈቀዳል፦ ልጁ ከ1 ዓመት በላይ ከሆነ፣ መዋጥ ከቻለና ከዋጠ 12 ሰዓት ካልሞላው፣ መንገድ ላይ እያላችሁ በየ10 ደቂቃው 2 የሻይ ማንኪያ ማር፣ ቢበዛ 6 ጊዜ። ማሩ ቃጠሎውን ያዘገየዋል እንጂ አያድንም። ማር ፍለጋ ደቂቃ እንዳታባክኑ። ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ማር አይሰጥም።

በብዙ ቤት "ይሄ ነገር አልሠራ አለ፣ እስኪ እየው" የሚባለው ወጣቱ ነው። ባትሪውን የምትቀይሩት እናንተ ከሆናችሁ፣ አሮጌው የት እንደገባም የምታውቁት እናንተው ሁኑ። ቤቱ ሕፃን ላለው ሰው ሁሉ ላኩለት።